ድንበር የሚሻገሩ ባለ ብዙ ቮልቴጅ ሎኮሞቲቮች፦ ጥያቄና መልስ

በአውሮፓ ድንበሮች ላይ ሎኮሞቲቭ ሳይቀይሩ ስለሚያልፉ ባቡሮች የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሎኮሞቲቭ ስንት ዓይነት ኤሌክትሪክ ቢችል አውሮፓን ያዳርሳል?

አራት ይበቁታል። (ኤሲ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ፣ ዲሲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሄርዝ ደግሞ ኤሲው በሰከንድ ስንት ዙር እንደሚቀያየር ይነግራል።) 15 ኪሎ ቮልት 16.7 ሄርዝ ኤሲ በጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ስዊድንና ኖርዌይ አለ። 25 ኪሎ ቮልት 50 ሄርዝ ኤሲ በዴንማርክ፣ ሃንጋሪ፣ ሰሜን ፈረንሳይና በአብዛኞቹ አዳዲስ ፈጣን መስመሮች ላይ ታገኙታላችሁ። 3 ኪሎ ቮልት ዲሲ የጣሊያን፣ የቤልጂየምና የፖላንድ ነባር መስመሮች ነው፤ 1.5 ኪሎ ቮልት ዲሲ ደግሞ የኔዘርላንድስና የደቡብ ፈረንሳይ።

ጥያቄ፦ 16.7 ሄርዝ የሚባል እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ?

የ50 ሲሶ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ትልልቅ የባቡር ሞተሮች ብሩሽ (ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ካርቦን) ያላቸው ስለነበሩ በ50 ሄርዝ ብሩሻቸው ብልጭታ እየተፋ ይቃጠል ነበር፤ ፍሪኩዌንሲው ሲቀንስ ግን ይረጋጋል። ሞተሮቹ ከቀሩ ቆይተዋል፣ ሽቦው ግን ያው ነው። ዋጋው በትራንስፎርመሩ ላይ ይታያል፦ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ባለ መጠን የብረቱ እምብርት መወፈርና መክበድ አለበት። ደግነቱ ለ15 ኪሎ ቮልት 16.7 ሄርዝ የተሠራ እምብርት 25 ኪሎ ቮልት 50 ሄርዝን በቀላሉ ይችላል። ቮልቴጁን ለፍሪኩዌንሲው አካፍሉት፦ የመጀመሪያው 0.9፣ ሁለተኛው 0.5 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ በእምብርቱ ላይ ያለው ጫናም ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱን ኤሲዎች የሚያስተናግድ ሎኮሞቲቭ መሥራት ያን ያህል አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ዲሲ ሲመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ዲሲ ሲመጣ ውስጡ ምን ይለወጣል?

በኤሲ ጊዜ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከፓንቶግራፍ (ጣሪያው ላይ ሆኖ ከሽቦው ኤሌክትሪክ ከሚቀበለው ክንድ) ወደ ዋናው ብሬከር፣ ከዚያ ወደ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ኤሲውን ወደ ዲሲ ወደሚለውጠው ኮንቨርተር፣ በመጨረሻ ዲሲውን መልሶ ለሞተሮቹ ወደ ሦስት ፌዝ ኤሲ ወደሚለውጠው ኢንቨርተር። በዲሲ ጊዜ ትራንስፎርመሩና የመጀመሪያው ኮንቨርተር ይዘለላሉ፤ ከሽቦው የመጣው ኤሌክትሪክ በማጣሪያ ጥቅልል አልፎ ወደ መካከለኛው የዲሲ ክፍል ይገባል። ብዙዎቹ ሠሪዎች ክብደት ለመቆጠብ ሥራ የፈታውን የትራንስፎርመር ጥቅልል ራሱን ማጣሪያ አድርገው ይጠቀሙበታል። ኢንቨርተሩና ሞተሮቹ አይነኩም።

ጥያቄ፦ በኔዘርላንድስ ሽቦ ሥር ጉልበቱ ለምን ይወርዳል?

በአምፔር ምክንያት ነው። ብክነትን ትተን በግርድፉ እናስላው። 6.4 ሜጋ ዋት ለመሳብ በ25 ኪሎ ቮልት 256 አምፔር፣ በ15 ኪሎ ቮልት 427፣ በ3 ኪሎ ቮልት 2,133፣ በ1.5 ኪሎ ቮልት ደግሞ 4,267 አምፔር ያስፈልጋል። የመጨረሻውን የሚችል ሽቦም ሰብስቴሽንም (ሽቦውን የሚመግብ የኤሌክትሪክ ጣቢያ) እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ለዚህ ነው ቬክትሮን የተባለው የሲመንስ ሎኮሞቲቭ፣ አራቱንም ኤሌክትሪክ የሚችለው ዓይነት፣ በኤሲ 6.4 ሜጋ ዋት፣ በ3 ኪሎ ቮልት 6.0፣ በ1.5 ኪሎ ቮልት 3.5 ብቻ የሚሰጠው። ስለዚህ የጭነት ባቡር ስታቅዱ የፉርጎውን ብዛት በኤሲው ሳይሆን በደካማው ሽቦ ለኩ።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ላይ አራት ፓንቶግራፍ ምን ይሠራል?

ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሱም። የጀርመንና የኦስትሪያ ፓንቶግራፍ ራስ 1,950 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የስዊዘርላንድ 1,450 ነው። ሰፊውን ወደ ስዊዘርላንድ ብትወስዱት በዋሻና በድልድይ ሥር ከግድግዳው ወይም ከሽቦ መያዣው ጋር ይላተማል። ጠባቡን ጀርመን ብታነሱት ነፋስ ሽቦውን ሲገፋው ከፓንቶግራፉ ራስ ጫፍ ያመልጥና ከራሱ ሥር ይሰካል፤ ያኔ ፓንቶግራፉም ሽቦውም አብረው ይቀደዳሉ። ሽቦውን የሚፈትገው ቁራጭም ይለያያል። ለኤሲ ንጹሕ ካርቦን ይበቃል፣ ለዲሲው ከባድ አምፔር ግን ብረት የገባበት ካርቦን ወይም መዳብ ይፈለጋል። ቆሞ መሳብም አደጋ አለው። በክረምት በ3 ኪሎ ቮልት ሥር ቆማችሁ ፉርጎዎቹን የምታሞቁ ከሆነ የሚነካካው ነጥብ አንድ ቦታ ስለሆነ ሽቦው ግሎ ይላላል፤ ስለዚህ የቆመ ባቡር የሚስበው አምፔር በደንብ የተገደበ ነው።

ጥያቄ፦ ድንበሩ ላይ አሽከርካሪው በቅደም ተከተል ምን ያደርጋል?

ጉተታውን ወደ ዜሮ ያወርዳል፣ ዋናውን ብሬከር ይከፍታል (ማለትም ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል)፣ በምልክቱ ላይ ፓንቶግራፉን ያወርዳል። ኤሌክትሪክ በሌለው ክፍል በግስጋሴው ብቻ ያልፋል። በዚህ መሃል በስክሪኑ ላይ አዲሱን ሲስተም ይመርጣል፤ የውስጥ መቀያየሪያዎቹ አምፔር ሳይኖር ይዞራሉ። ከማለፊያው ምልክት በኋላ የዚያን አገር ፓንቶግራፍ ያነሳል፣ መለኪያው ሽቦው ላይ ያለውን ቮልቴጅ አንብቦ ከተመረጠው ጋር ከተስማማ ብቻ ብሬከሩ እንዲዘጋ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ እንዲገናኝ፣ ይፈቅዳል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩና ማቀዝቀዣው ይነሳሉ፣ በመጨረሻ ጉተታ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኤሌክትሮኒክሱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ዳገት ላይ በዝግታ የገባ ከባድ ባቡር ኤሌክትሪክ በሌለው ሽቦ ሥር ይቆማል፣ ከዚያ ገፊ ወይም ጎታች ካልመጣለት አይንቀሳቀስም። ቆይቶም ባትሪው ካለቀ ፓንቶግራፉን በአየር የምታነሳው ትንሿ ኮምፕሬሰር አትሠራም።

ሌላው መንገድ ጣቢያ ውስጥ መቀየር ነው። አኸን ዋና ጣቢያ ላይ ከአንዳንዶቹ ሀዲዶች በላይ ያለው ሽቦ ራሱ በ15 ኪሎ ቮልት ኤሲና በ3 ኪሎ ቮልት ዲሲ መካከል ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ረስቶ በኤሲ እንደተያያዘ ዲሲ ሽቦ ሥር ቢገባስ?

ትራንስፎርመር ለዲሲ ሾርት ነው ማለት ይቻላል፤ የሚከለክለው የመዳቡ ትንሽ ተቃውሞ ብቻ ነው። የኤሲው ብሬከርም አያድነውም። ኤሲ በ50 ሄርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲለያይ የሚፈጠረውን ቅስት (በአየር የሚዘል የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የሚያጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ዲሲ ግን ዜሮ አያልፍም። ስለዚህ ለዲሲ ቅስቱን እየለጠጠ የሚቆርጥ ሌላ ፈጣን ብሬከር አለ። በተቃራኒው በዲሲ ተያይዞ 15 ኪሎ ቮልት ሥር መግባት ይብሳል፦ መጀመሪያ የሚፈነዳው የዲሲው ቮልቴጅ መከላከያ ነው። ሎኮሞቲቩ ሳያነብ አለመዝጋቱ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይስ እንዲህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ በሁለቱም አገር 25 ኪሎ ቮልት 50 ሄርዝ ነው፤ የድንበሩ ጉዳይ የጉምሩክና የሰው ነው። ታንዛኒያም አዲሱን መደበኛ ስፋት ያለው ሀዲዷን በዚሁ ቮልቴጅ ሠርታለች፤ የኬንያው ግን በናፍጣ ነው የሚሄደው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 750 ቮልት ዲሲ ስለሆነ ከጅቡቲው መስመር ጋር በሽቦ አይገናኝም።

ጥያቄ፦ አራቱን ቮልቴጅ ከቻለ የትም መሄድ ይችላል ማለት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቮልቴጁ የተፈታው ክፍል ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ፒዜድቤ፣ ኔዘርላንድስ አቴቤ፣ ጣሊያን ኤስሲኤምቲ፣ ፈረንሳይ ካቬቤ የሚሏቸው የየራሳቸው የባቡር ማቆሚያ መቆጣጠሪያዎች አሏቸው፤ የጋራው የአውሮፓ መቆጣጠሪያ፣ ኢቲሲኤስ፣ እስኪያዳርስ ድረስ የሁሉም አንቴናና ኮምፒውተር ከሎኮሞቲቩ ሥር መታጨቅ አለበት። በተጨማሪ ኢንቨርተሩ የሚለቀው የኤሌክትሪክ ርዝራዥ በሀዲዱ ውስጥ የሚያልፈውን የሲግናል ኤሌክትሪክ እንዳያሳስት ሎኮሞቲቩ በየአገሩ ተፈትኖ ፈቃድ ይወስዳል፤ የኔዘርላንድሱ አቴቤ ለምሳሌ 75 ሄርዝ ይጠቀማል፣ በዚያ ዙሪያ ምንም ጫጫታ አይፈቀድም። አሽከርካሪውም የአገሩን ቋንቋ እስከ ቢ1 ደረጃ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ጥያቄ፦ ፍሬን ሲይዝ ኤሌክትሪክ ይመልሳል?

በኤሲ ሽቦ ሥር አዎን። በዲሲ ግን ብዙው ሰብስቴሽን የሚሠራው በዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ስለሆነ ወደ ኋላ አይቀበልም፤ በአቅራቢያ የሚስብ ሌላ ባቡር ከሌለ የሽቦው ቮልቴጅ ይወጣል፣ ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈ መመለሱ መቆም አለበት። ትርፉ በጣሪያ ወይም በማሽን ክፍሉ ባለው ሬዚስተር ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ረጅም ቁልቁለት ያለው የዲሲ መስመር ላይ የምትሠሩ ከሆነ የሬዚስተሩን አቅም ሳታዩ ሎኮሞቲቭ አትከራዩ።