አጎትሽ ጀምረው የተዉት ዘፈን

ከባሕር ዳር ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ጊታር ትጫወቻለሽ፤ ከጊታሪስቶች ሁሉ ጂሚ ሄንድሪክስን ታስበልጫለሽ፤ ከሞተ በኋላ የወጡለትን አልበሞች አንድ በአንድ አዳምጠሻል። አምና ያረፉት አጎትሽ በሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ስለነበር ከልምምድና ከቤት ቀረጻ የተሰበሰበ 12 ካሴት ትተዋል። አንቺም ዩኒቨርሲቲውን አቋርጠሽ የስድስት ወር የሙዚቃ ፕሮዳክሽን ሥልጠና ልትገቢ፣ ከዚያ የአጎትሽን ጊታር በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሌላው ድምፅ ለይተሽ፣ አዲስ ከበሮና ባስ ጨምረሽ አልበም ልታወጪ አስበሻል። «እንዲህ ያለ ሙያ አለ ወይ? ለእኔስ ይሆነኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ሙያው አለ። ይሆንሻልም ብዬ አምናለሁ። ትምህርቱን ማቋረጥሽን ግን አልደግፍም፤ ከበሮ የመጨመሩንም ነገር ለጊዜው ብታቆዪው እወዳለሁ። ምክንያቴን ከምትወጂው ሰው ታሪክ ልጀምር።

ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ ሲሞት በስሙ የወጡት የስቱዲዮ አልበሞች ሦስት ብቻ ነበሩ። ኑዛዜ አልተወም። ኒው ዮርክ ላይ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ የተባለው ስቱዲዮ በይፋ ከተከፈተ ገና አንድ ወር አልሞላውም። የመቅጃው ክር እየዞረ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት የሚወድ ሰው ስለነበር፣ ከሦስቱ አልበሞች ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቀረጻ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ለቀጣዩ አልበም ያሰባቸውን ዘፈኖች በእጁ የጻፈባቸው ዝርዝሮችም ነበሩ።

መጀመሪያ ክሮቹን ያነሡት የድምፅ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመርና ከበሮ መቺው ሚች ሚቼል ናቸው። ሁለቱም አብረውት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። «ዘ ክራይ ኦፍ ላቭ» የተባለውን አልበም አሰናድተው በ1971 አወጡ። ሚቼል አንዳንድ ቦታ ላይ ከበሮውን እንደገና መትቷል። ይህን የምነግርሽ «የሞተ ሰው ቀረጻ ላይ ምንም አይጨመርም» የሚል ድርቅ ያለ ሕግ እንደሌለኝ እንድታውቂ ነው። ሚቼል ሰውየው በሕይወት እያለ ከጎኑ ተቀምጦ የመታ፣ ዘፈኑ ወዴት እንደሚሄድ ከራሱ አፍ የሰማ ነው።

ከዚያ በኋላ ክሮቹ አላን ዳግላስ የተባለ ፕሮዲዩሰር እጅ ገቡ። ዳግላስ ሄንድሪክስን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በ1969 አብሮት ስቱዲዮ ገብቷል። በ1975 «ክራሽ ላንዲንግ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ግን የሄንድሪክስን ጊታርና ድምፅ አስቀርቶ፣ አብረውት የተጫወቱትን ሰዎች ባስና ከበሮ አንሥቶ፣ በቦታቸው ሄንድሪክስን አግኝተውት የማያውቁ ቅጥር ሙዚቀኞች አስገባ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይም ራሱን ተባባሪ ደራሲ አድርጎ አስመዘገበ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ እስከ አምስተኛ ደረጃ ደርሷልና ገበያው አልቀጣውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሄንድሪክስ ሲጫወት ዐይኑን እያየ፣ ትንፋሹን እየጠበቀ ባስ የመታ ሰው ነበር። ጊታሩ የሚመልሰው ለዚያ ሰው ነው። ያንን ባስ ካነሣሽው ጊታሩ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም።

በ1995 አባቱ አል ሄንድሪክስ በማይክሮሶፍቱ ፖል አለን የገንዘብ ድጋፍ ተከራክረው የልጃቸውን ሥራ መብት አስመለሱ። ቤተሰቡ ባቋቋመው ድርጅት ሥራውን የምትመራው ጄኒ ሄንድሪክስ ክሬመርን መልሳ ጠራችው። ከብዙ አልበሞች በኋላ በ2013 «ፒፕል፣ ሄል ኤንድ ኤንጅልስ» ወጣ። በውስጡ ያ የ1975ቱ አልበም ስሙን ያገኘበት ዘፈን አለ፤ ቢሊ ኮክስ በወቅቱ በተጫወተው ባስና በመጀመሪያው ከበሮ። ከ38 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህ የሆነው የመጀመሪያው ቀረጻ ስላልጠፋ ብቻ ነው። አንድ ሰው በመሐል «ይህ አሮጌ ክር ምን ይሠራል?» ብሎ ቢሰርዘው ኖሮ ዛሬ ማንም ሊያርመው አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ሙያው እንምጣ። በእነዚህ የኋላ አልበሞች ላይ የሦስት ሰዎች ስም አብሮ ይመጣል። ክሬመር ድምፁን ይሠራል። ጄኒ ወራሽ ናት፤ ፈቃዱ የእርሷ ነው። ሦስተኛው ጆን ማክደርሞት ግን ጸሐፊና አጥኚ ነው፤ የትኛው ዘፈን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ስቱዲዮ፣ ከማን ጋር እንደተቀዳ አንድ በአንድ ያጣራ ሰው። በደብዳቤሽ ስለ ድምፅ ብቻ ነው የጻፍሽው። ሰነድ ማጣራቱንና መብቱን አላነሣሽም። እኔ በአገራችን ሰው የጎደለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሚክስ የሚሠራ ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የክር ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ካርቶኑ ላይ «ልዩ ልዩ» ብቻ የተጻፈበት ሪል አገኘሁ። ውስጡ አንዲት ሴት በመሰንቆ ታጅባ ትዘፍናለች። ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደተቀዳች የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ቆመችና «ይኸኛው አልሆነልኝም፤ ይቅር» አለች። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የወንበር ድምፅ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንን ቃሏን ቆርጦ ዘፈኑን ለበዓል ፕሮግራም አስተላለፈው። ሰሚው ወደደው። እኔ ግን ያቺ ሴት «ይቅር» ያለችው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። የአጎትሽን ካሴቶች ስትሰሚ እንዲህ ያለ ቃል ቢያጋጥምሽ አትቁረጪው፤ ደቂቃውን ጭምር ጻፊው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን አልጠላሁትም። ጆን ሌነን በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ውስጥ በካሴት የቀዳውን ዘፈን ቢትልሶች በ1995 ሊጨርሱት ሞክረው ፒያኖው ከድምፁ ጋር ተጣብቆ ስላስቸገራቸው ትተውት ነበር። በ2023 ግን ማሽኑ ድምፁን ለይቶ አወጣላቸውና ዘፈኑ ወጣ። ይሁን እንጂ የጨረሱት በሕይወት ያሉት ሁለቱ የባንዱ አባላት ናቸው፤ የሟቾቹ ቤተሰቦችም ተስማምተዋል። ደግሞም ማሽኑ ለይቶ የሚሰጥሽ ጊታር ግምት መሆኑን እንደ መሐንዲስ ማወቅ አለብሽ። አጎትሽ ያልመቱት ነገር ሊገባበት ይችላል።

ትምህርትሽን አታቋርጪ የምልሽም ለዚህ ነው። የናሙና አወሳሰድ ሕጉን፣ ማጣሪያዎችን፣ ሲግናልና ጫጫታ የሚለያዩበትን መንገድ አሁን ክፍል ውስጥ እየተማርሽው ነው። የስድስት ወሩ ሥልጠና ቁልፉን የት እንደሚጫኑ ያሳይሻል፤ ማሽኑ መቼ እንደሚዋሽሽ ግን አይነግርሽም። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ርዕስ ከአሮጌ ቀረጻ ማዳን ጋር አያይዢው። አማካሪ መምህርሽ ከተስማሙ ሁለቱን መንገድ አንድ አደረግሽ ማለት ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ መምጣት ከቻልሽ ወመዘክርን ወይም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን በደብዳቤ ጠይቂ፤ ያለ ክፍያም ቢሆን ከሰነድ ሠራተኞቹ አጠገብ አንድ ወር መቀመጥ ብዙ ያስተምራል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ማህደራት ማኅበር ስለ ድምፅ አጠባበቅ ያዘጋጀው መመሪያ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ከመማሪያ መጽሐፍሽ ጎን አኑሪው። ደመወዙን በተመለከተ አላታልልሽም፤ በአገር ውስጥ በዚህ ሙያ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ እምብዛም አታዪም። የምህንድስና ዲግሪው እንጀራሽን ይዞ እንዲያቆይሽ የምፈልገውም ስለዚህ ነው።

እስከዚያው በእጅሽ ያለውን ሥራ ጀምሪ። ካሴቶቹን ባገኘሽው ማጫወቻ ሁሉ አታጫውቺ። መጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ጥግና ጥግ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪያቸው። የእኔ ዘመን ልጆች ቀዳዳውን በወረቀት ደፍነን በሰው ዘፈን ላይ እንቀዳ ነበር፤ ጥርሱ ከሌለ ማንም በስሕተት አይቀዳበትም። ክሩን ወደ ማጫወቻው ራስ የምትገፋው ትንሿ የሱፍ ቁራጭ እንዳልወደቀች እዪ። የማጫወቻውን ራስ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረጊ። ከዚያ ራሱን የምታዘነብለውን ትንሽ ብሎን በቀስታ እያዞርሽ የከበሮውን ጽናጽል አዳምጪ፤ ታፍኖ የነበረው ድምፅ ድንገት ሲከፈት ታውቂዋለሽ፤ እዚያ ላይ አቁሚ። ለእያንዳንዱ ካሴት ይህን ድገሚ፤ የተቀዱበት ማሽን ሊለያይ ይችላልና። ስትገለብጪ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ ባልታመቀ ፋይል ይሁን። የክሩን ሽውታ አታጥፊ። የማጽዳቱን ሥራ በሌላ ቅጂ ላይ ትሠሪዋለሽ፤ የመጀመሪያው እንዳለ ይቀመጥ፣ ሁለት ቦታ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ፣ በአንዲት መስመር፣ አጎትሽ ሁለት ልጆች እንዳሏቸው አንሥተሻል። ለእኔ ዋናው መስመር እርሱ ነበር። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የሚተላለፈውም ለወራሾቹ ነው። የባንዱ ሰዎችም በአጨዋወታቸው ላይ የየራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት ወደ ልጆቻቸው ሂጂ። ካሴት ይዘሽ፣ አብራችሁ ስሙት። የባንዱ ባስ ተጫዋች በሕይወት ካሉ እርሳቸውንም ፈልጊያቸው፤ የዘፈኖቹን ስምና የተቀዱበትን ዘመን ከእርሳቸው በቀር የሚነግርሽ ላይኖር ይችላል። ልትጨምሪ ያሰብሽውንም ባስ ምናልባት ራሳቸው ይመቱልሽ ይሆናል።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ የ12ቱን ካሴቶች ዝርዝር ላኪልኝ። ጎናቸው ላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ ተሰርዞ በላዩ ሌላ የተጻፈበትንም ጭምር።