ላብራቶሪ ባይሟላም ዝግመተ ለውጥ ይጠናል

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ባዮሎጂ የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሪሰርቼ የሐይቁን ዓሦች ዝግመተ ለውጥ በዲኤንኤ ማጥናት ፈልጌ ነበር። ዲፓርትመንታችን ግን ኬሚካሉ የለውም። ጓደኞቼም ‹ሥራ የማያስገኝ ርዕስ ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው? እንደ እኛ ባክቴሪያ ላይ ሥሪ› ይሉኛል። ልቀይር?»

እህቴ፣ ዘርፉን አትቀይሪ። ጥያቄውን ግን አጥብቢው።

«የሐይቁ ዓሦች ዝግመተ ለውጥ» የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ በአንድ ዓመት አያልቅም። አንድ ዓሣ ያዢ። እኔ ብሆን ባርበስ የሚባለውን ዓሣ፣ ቢልጫን እመርጣለሁ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በብዛት ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ቢልጫ ግን መልኩን በመለዋወጥ የታወቀ ነው። ጣና ላይ ዘመዶቹ በከንፈራቸው፣ በአፋቸው አቅጣጫና በጭንቅላታቸው ቅርጽ ተለያይተው ተመራማሪዎች ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ለይተውባቸዋል። ዓሣ አዳኝ የሆኑም አሉ። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር ዓሣ ማደናቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እንግዲህ ጥያቄሽ ይህን ያህል ይጥበብ፦ የሐዋሳ ቢልጫና የዝዋይ ቢልጫ የጭንቅላት ቅርጻቸው ይለያያል ወይ? የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የዝዋይ ውኃ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ይሄዳል። የሁለቱ ዓሦች ዛሬ በውኃ አይገናኙም ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ካሊፐር (አነስተኛ ርዝመት በትክክል የሚለካ መሣሪያ)፣ የስልክ ካሜራ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቁሻል።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በጠዋት ድረሺ። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ቢላ ሳያነሱ መለካት አለብሽ፤ ጭንቅላቱ አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ ከተወረወረ ያ ዓሣ አመለጠሽ። ዓሣውን በጎኑ አስተኚው። ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ክንፍ ሥር ለኪ። ቀጥሎ የጭንቅላቱን ርዝመት፣ የዓይኑን ስፋት፣ የአፉን ስፋት። ከማስመሪያው ጋር ፎቶ አንሺው። የተወሰኑትን ደግሞ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳታዪ እንደገና ለኪያቸው። ሁለቱ ልኬቶች የሚራራቁ ከሆነ ልዩነቱ የዓሣው ሳይሆን የእጅሽ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ቀጥሎ ነው። ትልቅ ዓሣ ትልቅ ጭንቅላት አለው። ዓሣ ሲያድግም የአካሉ ክፍሎች እኩል አያድጉም። ስለዚህ የዝዋዮቹ ትናንሽ፣ የሐዋሳዎቹ ትላልቅ ከሆኑ ያገኘሽው ልዩነት የዕድገት ብቻ ሊሆን ይችላል። ተመጣጣኝ መጠን ያላቸውን አወዳድሪ፤ በስታቲስቲክሱም የሰውነትን ርዝመት አስገቢበት። የአስጋሪዎቹ መረብ ቀዳዳ ስንት እንደሆነ ጠይቀሽ መዝግቢ፤ ገበያ የሚደርሰው ዓሣ መረቡ የመረጠው ነውና። ከሁሉም በላይ ልዩነት አገኘሽ ማለት ዝግመተ ለውጥ አሳየሽ ማለት አይደለም። አንድ ዓይነት ዘር በተለያየ ምግብ ቢያድግ መልኩ ሊለያይ ይችላል። ይህን በግልጽ ጻፊው። ፈታኞችሽ ከመጠየቃቸው በፊት አንቺ ካነሳሽው ሥራሽ ይከበራል።

ዲኤንኤው ከልብሽ ካልወጣ ጄንባንክ በሚባለው የኢንተርኔት የመረጃ ቋት ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ያስቀመጡት የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በነፃ ይገኛል። ሜጋ የሚባለውም ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ የዝምድና ዛፍ ይሠራል። ለመለማመጃ ግሩም ነው።

ስለ ሥራው ልዋሽሽ አልፈልግም። «የዝግመተ ለውጥ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብዙም አታዪም። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ቢቀጥሩሽ ግን የሚጠቅማቸው ናሙና በሥርዓት መሰብሰብሽ፣ አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ዳታ መተንተንሽና ውጤቱን በትክክል መጻፍሽ ነው። ባክቴሪያም ጥሩ ርዕስ ነው፤ ለሚወደው። ልብሽ ሌላ ቦታ ሆኖ ጓደኞችሽን ተከትለሽ ብትገቢበት ግን ኢንተርቪው ላይ ስለ ሥራሽ ሲጠይቁሽ ያስታውቅብሻል።

አድቫይዘርሽ ጋ «ምን ልሥራ?» ብለሽ አትሂጂ። ጥያቄሽን፣ የምትለኪውንና የትራንስፖርት ወጪሽን በአንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ። የዚያኑ ቀን ለዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤቶችና ለአስጋሪዎች ማኅበራት የትብብር ደብዳቤ አስጽፊ፤ ማኅተም እስኪመታ ጊዜ ይወስዳል፣ የዝዋዩ ጉዞሽም እሱን ይጠብቃል።