የድሮን ቪዲዮ በኮምፒውተሬ ላይ ይቆራረጣል ላልከው ወንድሜ፦ ራም ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከድሮንህ ሚሞሪ ካርድ ላይ የገለበጥከው ባለ 4ኬ ቪዲዮ በስልክህ ላይ ያለ ምንም ችግር ይታያል፤ ባገለገለው ዴስክቶፕህ ላይ ግን እየቆመና እየዘለለ ያስቸግርሃል፤ ያሳየኸው ባለሙያም ራም ጨምር ብሎሃል። የማሽንህን ዝርዝር አልጻፍክም፤ ነገር ግን በየሱቁ ተደርድሮ የሚሸጠው ባለ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 እንደሚሆን እገምታለሁ። የእኔም እርሱው ነው፤ ያየኸውን ችግር ሁሉ እኔም አይቼዋለሁ።

ራሙን አትግዛ። እኔ ገዝቼዋለሁ። ራሙ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ደግሞ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገዝቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ መነሳት ጀመረ እንጂ ቪዲዮው እንደ ቀድሞው ተቆራረጠ።

ኤስኤስዲውን የሸጠልኝ ሰው ማሽኔን ከመብራት ጋር እንኳ አላገናኘውም። ድሮኔ ማቪክ ኤር 2 እንደሆነና በሰከንድ እስከ 120 ሜጋቢት ድረስ እንደሚቀርጽ ስነግረው፣ «የአንተ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ ሜጋ ገደማ ነው የሚያነበው፤ 120 ከየት ያመጣል?» አለኝ። ነገሩ አሳማኝ መሰለኝና ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሳሰላው ግን የካሜራው ቁጥር በቢት፣ የዲስኩ ቁጥር በባይት የተነገረ ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ 120 ሜጋቢት ማለት 15 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ የቀድሞው ዲስኬ ያለ ምንም ጭንቀት ያነበዋል። ይህንኑ ይዤ ተመልሼ ብነግረው፣ ደንበኞች በተሰበሰቡበት «ከሚያውቅ ሰው ጋር አትከራከር» ብሎ አሳፈረኝ፤ ዕቃውንም አልመለሰልኝም። አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት ባዶ እጅህን እንዳትቆም ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

ችግሩ ያለው ቪዲዮውን በማንበብ ላይ ሳይሆን በመፍታት ላይ ነው። ድሮኑ የሚቀርጸው ቪዲዮን አጭቆ በሚያስቀምጠው በኤች 265 ዘዴ ከሆነ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሥዕል አይደለም፤ አንድ ሙሉ ሥዕል ይቀመጥና ከዚያ በኋላ ያሉት በአብዛኛው ካለፈው ወይም ከሚመጣው ፍሬም ጋር ያላቸው ልዩነት ብቻ ነው የሚጻፈው። ማጫወቻው ይህን ልዩነት እያሰላ፣ በ60 ፍሬም ከቀረጽክ በየሰከንዱ ስድሳ ጊዜ፣ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ያሉትን ሥዕል መልሶ መገንባት አለበት። አዳዲስ ማሽኖች ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል በቺፑ ውስጥ አላቸው። ስልክህም ስላለው ነው የማይቸገረው። ኢንቴል ለኤች 265 ሙሉ የሃርድዌር ድጋፍ ያስገባው ለባለ 8 ቢቱ (ቢቱ እዚህ ላይ የቀለሙ ዝርዝር መጠን ነው) ከ6ኛው ትውልድ፣ ለባለ 10 ቢቱ ደግሞ ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የኤች 265 መሥፈርት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን የእኛ 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ነው፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ያልተዘጋጀበትን ሥራ በጉልበት ይሠራል።

አንደኛ፣ ከማንም ባለሙያ በፊት ራስህ አረጋግጥ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረህ ተጫንና ታስክ ማናጀርን ክፈት፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ሆነህ ቪዲዮውን አጫውት። በእኔ ማሽን ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ፣ በጂፒዩ (በምስል ቺፑ) ሥር ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው መስመር ግን ከዜሮ አልተነሳም ነበር፤ ራሙ ከግማሽ በታች፣ ዲስኩ ደግሞ ሥራ ፈት ነበር። ሌላም ምልክት ነበረ፤ የወንጪን ሐይቅ የቀረጽንበት ቪዲዮ ሰማዩን ሲያሳይ በደንብ ይሄድና፣ ካሜራው ወደ ታች አዘንብሎ ዛፎቹና የውኃው ብልጭታ ምስሉን ሲሞሉት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ቅጠል ሁሉ ሲንቀሳቀስ የሚሰላው ልዩነት ስለሚበዛ ነው።

ሁለተኛ፣ ለሚቀጥለው በረራ የድሮኑን መተግበሪያ የካሜራ ማስተካከያ ክፈትና የቪዲዮውን አቀማመጥ ከኤች 265 ወደ ኤች 264፣ ፍሬሙንም ከ60 ወደ 30 ለውጥ። ኤች 264ን 4ኛ ትውልድም በሃርድዌር ይፈታዋል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ውስጥም የሃርድዌር ዲኮዲንግ ምርጫው እንዳልተዘጋ ተመልከት። ይህ ግን ቀድሞ የተቀረጸውን አያድነውም፤ የእኔም ትልቁ ኪሳራ የመጣው ከዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ምንም ብታደርግ ዋናውን ፋይል አታጥፋ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ወንጪ የሄድነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ገና ማቆሙ ነበር፣ ተዳፋቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ሐይቁም ሞልቷል። ፈቃዱን ያስጨረሰልን ሥራውን ያዘዘን ድርጅት ነበር። ተመልሼ ቪዲዮው አልሄድልህ ሲለኝ፣ አንድ የማውቀው ልጅ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ቀይረው አለኝ፤ እኔም ምርጫዎቹን ሳልነካ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያቀረበልኝን ባለ 1080 እና ባለ 30 ፍሬም ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉንም ፋይል ቀየርኩ። ጠዋት ስከፍተው በጣም በጥሩ ሁኔታ ሄደ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዲስኬ ሞልቶ ስለነበር፣ በየደቂቃው ወደ 900 ሜጋባይት የሚይዙትን ዋና ፋይሎች አጠፋኋቸው፤ ካርዱንም ፎርማት አድርጌ በማግስቱ ሌላ ሥራ ቀረጽኩበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ድርጅቱ ሥራውን በአንድ አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ላይ ሊያሳይ እንደሆነ ነገረኝና ባለ 4ኬውን እንዳመጣ ጠየቀኝ፤ ድሮኑ በሐይቁ ላይ የሚያልፍበትም ትዕይንት ቀስ ብሎ እንዲሄድ ፈለጉ። ቀስ ለማድረግ 60 ፍሬሙ ያስፈልግ ነበር፤ ግማሹን በገዛ እጄ ጥዬዋለሁ። ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችን ሞከርኩ፤ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር ስለተጻፈበት ያገኘሁት የማይከፈት ቁርጥራጭ ነበር። መኪና ተከራይቼ፣ የሁለት ሰው አበል ከኪሴ ከፍዬ፣ ፈቃዱንም እንደገና አስጠይቄ የተመለስነው ጥር ላይ ነው። አደዩ ረግፏል፣ ሣሩም ገርጥቷል። ድርጅቱ ሥራውን ተቀበለኝ፤ ያንን መስከረም ግን ማንም አልመለሰልኝም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ካርዱን መጀመሪያ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ እገለብጣለሁ፤ ከሁለቱም ላይ አንዳንድ ፋይል ከፍቼ ሳላይ ካርዱን ፎርማት አላደርግም። ለኤዲት ደግሞ ፕሮክሲ እሠራለሁ፤ ይህም ኤዲት የምታደርግበት ቀለል ያለ ቅጂ ሲሆን ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ፕሪሚየር ፕሮ ይህን መንገድ አላቸው፤ ሥራህን ጨርሰህ ስታወጣ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። ፕሮክሲውን ዲኤንኤክስኤችአር በሚባለው አቀማመጥ፣ በ1080 እንድትሠራው እመክርሃለሁ፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስለሚቀመጥ ቦታ ይወስዳል እንጂ ፕሮሰሰሩን አያስጨንቅም። የማሳያውን ጥራት ግማሽ ወይም ሩብ አድርገው የሚሉህም አሉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ዋናው ኤች 265 ያው ሙሉ በሙሉ መፈታቱ ስለማይቀር ብዙም አልጠቀመኝም።

ገንዘብ የግድ ማውጣት ከፈለግህ፣ በራሙ ፈንታ ኤንቪዲያ ጂቲ 1030 የሚባለውን የግራፊክስ ካርድ ግዛ። ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይፈልግም፤ 10 ቢቱን ጨምሮ ኤች 265ን በሃርድዌር ይፈታል። ሳጥንህ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ አጭሩን ካርድ ጠይቅ። ሻጩ «ያው ነው፣ ይረክሳል» ብሎ ጂቲ 710 ወይም ጂቲ 730 ሊሰጥህ ይሞክራል፤ እምቢ በል፣ እነርሱ ኤች 265ን አይፈቱም። እኔ ካርዱን ከሰካሁ በኋላ ግማሽ ቀን ምንም ለውጥ አጥቼ ተበሳጭቼ ነበር፤ ለካስ የሞኒተሩ ገመድ አሁንም ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ነበር። ወደ አዲሱ ካርድ ሳዛውረው ያ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለው መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ፣ ሲፒዩውም ወደ አሥር በመቶ አካባቢ ሲወርድ አየሁ። ዛሬ በዚሁ «አርጅቷል ሽጠው» በተባልኩት ማሽን ላይ ነው ሥራዬን ሁሉ የማስረክበው።

ሞኒተርህ ባለ 4ኬ ከሆነና ገመዱ ወይም መሰኪያው ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ፣ ስክሪኑ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ ባለ 60 ፍሬሙ ቪዲዮ የተንገጫገጨ ይመስልሃል፤ የማሳያ ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ቁጥሩን እየው። በቀትር ፀሐይ በ1/1000 ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ለሰከንድ አንድ ሺኛ ብቻ ሆኖ) የተቀረጸ ቪዲዮም በየትኛውም ማሽን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ማጣሪያ ነው። የአንተ ግን በስልክ ላይ ደህና ስለሚሄድ ይህ አይመስለኝም።

ዛሬ ማታ ቪዲዮውን እያጫወትክ የታስክ ማናጀሩን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳውና የፕሮሰሰሩን ስም ከነቁጥሩ ጨምረህ እዚሁ ለጥፈው፤ እኔ ሳላየው ወደ ሱቅ እንዳትሄድ።