«ሰርተፍኬቱ ያስቀጥረኛል?» እና ሌሎች የሙዚቃ ጥያቄዎች

ሙዚቃን በኢንተርኔት ተምሮ እንጀራ ስለማድረግ ከጎጃም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳዩን ትቼ አምስቱን መርጫለሁ፤ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ክራር እጫወታለሁ። በኢንተርኔት የሙዚቃ ፕሮዳክሽን ብማር ሰርተፍኬቱ ስቱዲዮ ያስቀጥረኛል?» (ከደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ ወረቀቱ አያስቀጥርሽም። ስቱዲዮ ስትገቢ የምትሰሚው «እስኪ የሠራሽውን አሰሚን» የሚለውን ነው። ትምህርቱን ግን ተማሪው። ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት የቦስተኑ በርክሊ ኮሌጅ ዛሬ በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድረ ገጽ ላይም አጫጭር ኮርሶች አሉት፣ አቅም የሌለው ማመልከቻ ጽፎ የክፍያ ድጋፍ ይጠይቃል። አንድ ትምህርት በጨረስሽ ቁጥር አንድ ነገር ሥሪበት። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ክራርሽን ቅጂበት፣ ድምፅሽን ደርቢበት፣ ሚክስ አድርጊው፦ ድምፆቹን አመጣጥነሽ አዋህጃቸው። መጀመሪያ የሠራሽው ያሳፍርሻል፤ የኔም አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ክራሩን ደግሞ እንዳትተዪ፦ ኪቦርድ የሚነካ ሞልቷል፣ ክራር በትክክል ቃኝቶ ጥርት ባለ ድምፅ ቀድቶ የሚልክ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

«ዲያቆን ነኝ፤ ድጓ ተምሬያለሁ። አሁን ኖታ በኢንተርኔት ጀምሬ ግራ ገባኝ። የያዝኩትን ዜማ መርሳት አለብኝ?» (ከቢቸና)

መርሳት? ምን ቆርጦህ! ሌላው ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበትን ጆሮ አንተ ይዘኸው ነው የመጣኸው። ግራ ያጋባህ ነገር ሁለቱ ጽሕፈቶች ለተለያየ ሰው መሠራታቸው ነው። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ያሉት ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረትና ርክርክ ድምፅህ እንዴት እንደሚሄድ ይነግሩሃል፤ ሥረዩ ደግሞ በአንድ ሁለት ፊደል አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውስሃል። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለሰማ ሰው ይህ ይበቃዋል። የፈረንጁ ኖታ የተሠራው ዜማውን ሰምቶት ለማያውቅ ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዷን ድምፅ ከፍታና ርዝመት ለብቻ ይጽፋል። አንተ ሐረግ ስትፈልግ እሱ ነጠላ ድምፅ ይሰጥሃል።

እንዲህ ሞክር። ከያሬድ ዜማ ስልቶች አንዱ ከሆነው ከአራራይ የምታውቃትን አንዲት አጭር ሐረግ ውሰድ፤ እያዜምክ በስልክህ ኪቦርድ ድምፆቹን ፈልግ፣ ከዚያ በኖታው አምስት መስመር ላይ አስቀምጣቸው። አንዳንዱ ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቅብሃል፤ ኪቦርዱ አንዱን ስምንዮሽ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) በ12 እኩል ደረጃ ስለከፈለው ነው። የሊቃውንቱ ጉሮሮ ለዚያ አይገዛምና ዜማህን በኪቦርዱ እንዳታርመው።

ወደ ቅኝቶቹ ስትመጣ ኮርሱ ስማቸውን አይነግርህም። ትዝታን (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) «ሜጀር ፔንታቶኒክ» እያለ ያስተምርሃል። አንቺ ሆዬን ግን (ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ) በተለመደው ኮርስ ውስጥ ብትፈልገው አታገኘውም፤ ራስህ ጽፈህ ተለማመደው።

አንድ ነገር ግን ቪዲዮ አይሰጥህም። ቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ የተበላሸው እዚያው ይታረማል። ቪዲዮው ስትሳሳት አይሰማህም። በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚሰማህና የሚያርምህ ሰው ፈልግ፤ ኖታ ባያውቅም ጆሮ ካለው ይበቃል።

«ልጄ ኮሌጁን ትቶ በስልክ ሙዚቃ እማራለሁ ይላል። አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው?» (ከፍኖተ ሰላም)

የኔ አባት፣ ያለ አዝማሪ የደመቀ ሰርግ ካዩ ይንገሩኝ። ኮሌጁን መተዉ ግን ለእኔም አልተዋጠልኝም። ሙዚቃው በቀን ሁለት ሰዓት ካገኘ ከትምህርቱ ጋር ይሄዳል። የሚማረው ሂሳብ አያያዝ ከሆነማ እሰየው፤ ውሉን ራሱ አንብቦ የሚያሰላ ዘፋኝ ብርቅ ነው። ስልኩን ግን አይቀሙት።

«ኪቦርድ በቪዲዮ ጥሪ እማራለሁ። ከመምህሬ ጋር አብረን ስንጫወት ምቱ ይፈርሳል። ጥፋቱ የኔ ነው የኔትወርኩ?» (ከባሕር ዳር)

ያንተ አይደለም። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ አሥር ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚሰሙት 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ምቱ ይጎተታል። የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ደኅና ኔትወርክ ላይ እንኳ ከዚህ የባሰ ይዘገያል። አብሮ መጫወቱን ተዉት። መምህርህ ቀድቶ ይላክልህ፤ አንተ በሄድፎን እየሰማህ በላዩ ተጫወት፣ ቀድተህ መልስለት፣ በጥሪው ሰዓት ስለ ቅጂው ተነጋገሩ። ለካርድህም ይሻላል፦ በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት አንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ያህል ነው። ስትጫወት ድምፁ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ የጥሪው መተግበሪያ መሣሪያህን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ እያፈነው ነው፤ ዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ክፈት።

«ግጥሙም ዜማውም የኔ ነው። ስቱዲዮው በነጻ ቀዳኝ፤ አሁን ዘፈኑ የኔ ነው ይለኛል። የወሰድኩት የሙዚቃ ቢዝነስ ኮርስ አልረዳኝም።» (ከእንጅባራ)

ኮርሱ ያስተማረሽ የአሜሪካን ሕግ ስለሆነ ነው። የኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ግዢና አንብቢው። በእሱ መሠረት የድርሰት መብት በጽሑፍ ውል እንጂ በቃል አይተላለፍም፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ካልፈረምሽ ግጥሙና ዜማው ያንቺ ናቸው። የተቀዳው ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሕጉ ለድምፅ ቅጂ አዘጋጅም የራሱን መብት ይሰጠዋል፣ «በነጻ» ቀዳሁልሽ የሚልሽም እሱን ይዞ ሊሆን ይችላል። ከመካሰስ በፊት ቁጭ በሉና ማን የቱን እንደያዘ በወረቀት ለዩት። ሥራሽን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስመዘግቢም ለማስረጃ ይረዳሻል፤ መብቱ ግን ከምዝገባ የሚመጣ አይደለም። ዜማውን መጀመሪያ ያንጎራጎርሽበት ቅጂ ስልክሽ ላይ ካለ እንዳታጠፊው፤ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጪው።