ጥቁሩ መስኮት ሲደበቅ ኮዱ ለምን ይቆማል?

ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ፤ ኮድሽ የተበላሸ አይመስለኝም። ወልድያ ላለው የአጎትሽ ሱቅ በፓይዘን የጻፍሽው የሽያጭ መደመሪያ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ተከፍቶ ሲሠራ እንከን የለውም፤ መስኮቱን ደብቀሽ ማታ በታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞችን በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሣው የዊንዶውስ መሣሪያ) ሲነሣ ግን ሒሳቡን ግማሽ ላይ ይተወዋል፤ ስሕተትም አያሳይም ብለሻል። ይህ ነገር እኔን ደሴ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ አንገላቶኛል።

የእኔው ኮድ ኮምቦልቻ ለሚገኝ የእህል መደብር የሠራሁት ነበር። የእያንዳንዱን እህል ስም በፕሪንት ወደ መስኮቱ ያወጣል፣ ሒሳቡን ደግሞ ፋይል ላይ ይጽፋል። ባለቤቱ መስኮቱ ሥራቸው ላይ እየተደነቀረ ስላስቸገራቸው ደበቅሁት፤ ወደ መስኮቱ ይወጣ የነበረውንም ጽሑፍ ወደ መዝገብ ፋይል አዞርሁት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሒሳቡ ይጎድል ጀመር። ፋይሉን ከፍቼ ሳየው በላቲን ፊደል የተመዘገቡት እህሎች ሁሉ አልፈዋል፤ የቆመው «ሰርገኛ ጤፍ» ላይ ነው። በማግስቱም እንደዚያው፣ በእኛው ፊደል የተጻፈው የመጀመሪያ ስም ላይ።

ከስሪት 3.6 ጀምሮ ፓይዘን ወደ ዊንዶውስ መስኮት የዓለምን ፊደላት በሚያካትተው በዩኒኮድ ስለሚጽፍ አማርኛን ያለ ችግር ያሳልፋል። ጽሑፉ ወደ ፋይል ሲዞር ግን የኮምፒውተሩን ነባር የፊደል ሠንጠረዥ ይጠቀማል፤ ብዙውን ጊዜ 1252 የሚባለውን። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድም የግእዝ ፊደል የለም! «ሰ» ላይ ሲደርስ ይወድቃል። የስሕተቱ መልእክት ደግሞ ከፕሪንቱ በተለየ የስሕተት መውጫ ስለሚወጣ እኔ ያዘጋጀሁት መዝገብ ውስጥ አልገባም፤ ሳምንት የፈጀብኝም ይኸው ነው። ሁለቱንም መውጫ ወደ አንድ ፋይል ባዞርሁ ዕለት ምክንያቱ ተጽፎ አገኘሁት። ከ3.7 ወዲህ ባለው ፓይዘን «ፓይዘን ዩቲኤፍ 8» (PYTHONUTF8) የተባለውን የዊንዶውስ የአካባቢ ተለዋዋጭ 1 ማድረግ ይበቃል፤ ፓይዘን ወደ ፋይልም በዩኒኮድ እንዲጽፍ ያዝዘዋል።

መስኮቱን የደበቅሽው ፓይዘን ደብሊው (pythonw) በሚባለው፣ መስኮት በማይከፍተው የፓይዘን ማስነሻ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ መውጫው ጭራሹን የለም። ፕሪንት ዝም ብሎ ያልፋል፤ ከተጠቃሚው መልስ የሚጠይቀው ኢንፑት ካለበት ግን ኮዱ እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ስሕተቱን ራሱ ኮዱ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጊ፤ ያለዚያ በጨለማ መዳበስ ነው።

ታስክ ስኬጁለር ላይም የሚነሣበትን ማህደር ካልሞላሽለት ሥራውን የሚጀምረው የዊንዶውስ የራሱ ማህደር ከሆነው ከሲስተም 32 ነው፤ በስማቸው ብቻ የጠራሻቸው ፋይሎች አይገኙም። ሙሉ አድራሻቸውን ጻፊ። አንድ ቦታ ላይ «ለመቀጠል ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ካለ ደግሞ የማይታየው መስኮት ማንም የማይጫነውን ቁልፍ ሲጠብቅ ያድራል፤ የቀደመው ስላልተዘጋም የነገው አይነሣም። ላፕቶፕ ከሆነ ሌላም አለ፦ ስኬጁለሩ ቅንብሩን ካልነካሽው በቀር በባትሪ ላይ ሥራ አይጀምርም፣ መብራት ሲጠፋም የጀመረውን ያቋርጣል። በእኛ አገር መብራት ቅንብሩ ውስጥ ይህን የሚያዝዘውን ምልክት ሳያነሡ መተው አይገባም።

አሁን ግን ከሁሉ በፊት የዛሬውን ፋይል ክፈቺና የቆመበትን መስመር ተመልከቺ። እዚያ ያለው ስም በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ከሆነ ችግርሽ የእኔው ነው።