አውግስጢኖስ ሂፖን አልመረጣትም

ጥያቄ፦ ቅዱስ አውግስጢኖስን «ዘሂፖ» ሲሉት እሰማለሁ። ሂፖ የት ናት? ሮምና ሚላን ያስተማረ ሰውስ እንዴት እዚያ ቀረ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሂፖ አልጄሪያ ውስጥ ናት፤ ዛሬ አናባ የምትባለው የወደብ ከተማ ዳር። በሮማውያን ዘመን የአፍሪካ ስንዴ ከወደቧ ወደ ሮም ይጫን ነበር። አደባባይዋ፣ መታጠቢያ ቤቶቿ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ፍርስራሽ አሁንም ይታያሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን የእኔም የልቤ ጥያቄ ነበር። አውግስጢኖስ ከጣሊያን ተመልሶ በትውልድ ከተማው በታጋስቴ ከወዳጆቹ ጋር በጸሎትና በንባብ ይኖር ነበር። ስሙ ስለወጣ፣ ጳጳስ ወደሌለው ከተማ ድርሽ አይልም። ሕዝቡ ይዞ እንዳይሾመው ፈርቶ ነው። ሂፖ ግን ቫሌሪዮስ የሚባል ጳጳስ ነበራት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ391 ያለ ስጋት ሄደ።

ቫሌሪዮስ የግሪክ ሰው ነው፤ በላቲን መስበክ ይከብደዋል። አንድ ቀን ቄስ እንደሚያስፈልገው ለምእመናኑ ነገራቸው። አውግስጢኖስ መሀላቸው ቆሟል! ያዙና ወደ ፊት ወሰዱት። እሱ አለቀሰ። አንዳንዶቹ ቅስናው አንሶበት ያለቀሰ መስሏቸው፣ ጵጵስናውም ሩቅ አይደለም እያሉ አጽናኑት። ይህን የጻፈልን አብሮት የኖረው ፖሲድዮስ ነው።

ከአራት አምስት ዓመት በኋላ አውግስጢኖስ እውነትም ጳጳስ ሆነ። መንበሩ የተመቻቸ አልነበረም። የከተማዋ ክርስቲያኖች ካቶሊክና ዶናቲስት (በስደት ዘመን እምነታቸውን ከካዱ ካህናት ጋር አንተባበርም ብለው የተለዩ ወገኖች) ተብለው ተከፍለዋል። ከእሱ በፊት የነበረ የዶናቲስቶች ጳጳስ፣ ለካቶሊኮቹ ዳቦ እንዳይጋገር እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ዳቦ ሲከለክል ያስቡት።

በ430 ቫንዳሎች የተባሉት ከአውሮፓ የመጡ ወራሪዎች ሂፖን ከበቡ። አውግስጢኖስ ቀደም ሲል፣ ካህናት መሸሽ ይገባቸው እንደሆነ ለጠየቀው ጳጳስ፣ ምእመናን እያሉ አገልጋዮቻቸው ጥለዋቸው እንዳይሄዱ ጽፎለት ነበር። እሱም አልሄደም። በከበባው በሦስተኛው ወር ትኩሳት ጣለው። የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ተኝቶ እያያቸው ያነብና ያለቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን፣ በ75 ዓመቱ አረፈ። ኑዛዜ አልተወም፤ የሚያወርሰው ንብረት አልነበረውም። የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ግን በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ደጋግሞ አደራ ብሎ ነበር።