«ወንድም የለኝም» አለ

ጥያቄ፦ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ታላቁ 12 ዓመቱ ነው፤ ታናሹ 7። ታናሹ ኦቲዝም እንዳለበት ያወቅነው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። እስካሁን አይናገርም። ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ አንዳንዴ ራሱን ይመታል። ታላቁ እስከዛሬ ቀኝ እጄ ነበር። ያለብሰዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ከእኛ በላይ እሱ ያባብለዋል። ባለፈው ወር ትምህርት ቤት ልወስደው ስሄድ የአንዱ ጓደኛው አባት «ያለህ አንድ ልጅ ነው አይደል?» አለኝ። ለካ ልጄ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ «ወንድም የለኝም» ብሏቸው ኖሯል። ቤት ስንደርስ ጮህኩበት። «ወንድምህን ካድክ» አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቅኩትን ብቻ መልሶ ዝም ይላል። ልቅጣው ወይስ ልተወው? እርስዎም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ስለሆኑ ነው የጻፍኩልዎት። በዚያ ላይ ዘመድ ሁሉ «ክትባቱ ነው እንዲህ ያደረገው» ይለናል። እውነት ይሆን?

የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ልበልህ። ነገሩ የአባትና የአባት ወሬ ነው።

የክትባቱን ቶሎ ልጨርሰው። ወሬው የገነነው እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከወጣ ጽሑፍ ነው። የታዩት ልጆች 12 ብቻ ነበሩ። መጽሔቱ ራሱ በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ የጻፈው ሐኪምም የሥራ ፈቃዱን ተነጥቋል። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ልጆች የታዩባቸው ጥናቶች ተደርገው ክትባትና ኦቲዝምን የሚያገናኝ ነገር አልተገኘም። ለዘመድ ይህን ንገርና ወሬ ቀይር።

ልጁን ግን አትቅጣው።

እስቲ በእሱ ቦታ ቁም። የክፍል ጓደኛው «ወንድም አለህ?» ይለዋል። «አለኝ» ካለ ይቀጥላል። ስንተኛ ክፍል ነው? ኳስ ይችላል? ለምን አይናገርም? ለምን ይጮኻል? ልጅህ ረጅሙን መልስ አያውቀውም። ማን ነግሮት? አጭሩን አንስቶ ሰጠ። ክህደት የምትለው እሱን ነው።

እኔም ሁለት ወንዶች አሉኝ። ታላቁ አሁን 24 ነው፣ ታናሹ 19። ኦቲዝም ያለበት ታናሹ ነው። ልጆች ሳሉ ከአፌ የማይጠፉ ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ «ወንድምህን እየው» እና «አንተ ትልቅ ነህ»። አንድ ቀን ጠዋት የመጀመሪያዋን ስንት ጊዜ እንዳልኳት ቆጠርኩ። ቁርስ ሳይቀርብ ስድስት ጊዜ።

ታናሹ ወረቀት መቅደድ ይወዳል። ድምፁ ነው መሰለኝ ደስ የሚለው፤ ወረቀቱን ጆሮው ሥር ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚቀደው። ታላቁ ደግሞ ሥዕል ይስል ነበር። የሚሆነውን ታውቀዋለህ። ሦስት ሳምንት የደከመበትን መርከብ አንድ ቀን ተቦጫጭቆ አገኘው። እያለቀሰ እኔ ጋ መጣ። «እሱ አይገባውም፤ አንተ ትልቅ ነህ» አልኩት። ትልቅ ያልኩት ልጅ አሥር ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲስል አላየሁትም። የተወው መስሎኝ ነበር። 20 ዓመት ሲሞላው ነው የነገረኝ። ለካ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይስል ኖሯል። ከቤታችን በሮች ከውስጥ የሚቆለፈው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ከውጭ ቆሜ «ቶሎ ውጣ፣ ወንድምህን ያዝልኝ» እያልኩ አንኳኳበት ነበር።

ታላቁ 13 ዓመት ሲሆነው ነው ትንሽ የባነንኩት። ያባነነኝም የአንድ አባት ታሪክ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ነው ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ነገር ያሳወቀው። ከልጆቹ የመጀመሪያው ዶናልድ ይባላል። አባቱ ጠበቃ ነበር። ሐኪሙ ልጁን ከማየቱ በፊት አባትየው ስለ ዶናልድ 33 ገጽ ደብዳቤ ጻፈለት። 33 ገጽ! ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚደጋግም ሁሉ። (ዶናልድ አድጎ ባንክ ሠርቷል፣ መኪና ነድቷል፣ በ2023 ነው በ89 ዓመቱ ያረፈው። ያንተም እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም፤ ኦቲዝም ከልጅ ልጅ በጣም ይለያያል።)

ይህን ሳነብ ስለ ታናሹ እኔም 33 ገጽ እንደማያቅተኝ ገባኝ። ዶናልድ ደግሞ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ደብዳቤው ግን ስለ ዶናልድ ነበር። እና ስለ ታላቁ ልጄስ ስንት ገጽ እጽፋለሁ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ግማሽ ገጽ ላይ ቆምኩ። የቅርብ ጓደኛውን ስም አላውቀውም። ማታ ምን እንደሚያስፈራው አላውቅም። «ይረዳኛል» የሚለውን ሦስት ቦታ ጽፌዋለሁ።

አንተም ዛሬ ማታ ሞክረው። ደብዳቤህን መልሰህ ብታየው እኮ ስለ ታላቁ የነገርከኝ የሚሠራልህን ሥራ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

መጀመሪያ ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠይቀው። ሲራመዱ ወይም መኪና ውስጥ ሆነው ይቀላል፤ ፊት ለፊት መተያየት የለም። «ሌላም ያስቀየመህ ነገር አለ?» በለውና ዝም በል። ምናልባት ወንድሙ ያሳፍረኛል ይልህ ይሆናል። እንዳትቆጣ። ወንድሙን እየወደደ ሊያፍርበትም ይችላል።

ቀጥሎ ረጅሙን መልስ ስጠው። እኛ ልብ የማንለው ድምፅ እንኳ የወንድሙን ጆሮ እንደሚያስጨንቀው ንገረው። ጆሮውን ይዞ የሚጮኸው አቅሙ ሲያልቅ እንጂ ሲባልግ አለመሆኑን ንገረው። ኦቲዝሙ ማንም ባጠፋው ጥፋት እንዳልመጣም ንገረው፤ ልጆች ይህን በሆዳቸው ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ ለጓደኞቹ የሚላትን አጭር ነገር አብራችሁ አዘጋጁ። የኔ ልጅ የመረጣት «ወንድሜ ኦቲዝም አለው፤ አይናገርም፣ ግን ይሰማችኋል» የምትለዋን ነበር። «ይሰማችኋል» ሲላቸው ጸጥ ይላሉ ብሎ ስቆ ነገረኝ።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ቀንስለት። መርዳቱ መልካም ነው፤ ግን እምቢ ማለት የሚችልበት ቀን ይኑረው። እኔ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ገዛሁለት፤ ቁልፉ አንድ፣ እሱም በእጁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለሁለት ብቻችንን እንወጣ ነበር፣ ስለ ታናሹ ላናወራ ተስማምተን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች አልተነፈሰም። በሦስተኛው ስለ ብስክሌት ማርሽ አርባ ደቂቃ ሙሉ አወራኝ። ግማሹ አልገባኝም።

ሁለቱን በግድ ለማቀራረብ አትጣደፍ። እኔ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። መላውን ያገኘው ታላቁ ራሱ ነው። አንድ ቀን አሮጌ ጋዜጣ ተሸክሞ መጣና ወለሉ ላይ ተቀምጦ መቅደድ ጀመረ። ታናሹ ትንሽ አየውና አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ዛሬ ታላቁ ሌላ ቤት ነው የሚኖረው፤ ሲመጣ ግን ጋዜጣውን አይረሳም። ታናሹ ኮቴውን ስለሚያውቀው ደወል ሳይደወል ወለሉ ላይ ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል። ጠረጋው የኔ ነው።